ቪላው ተቆልፎ ሰርቪስ ቤት መኖር፦ በደጋ ከተማ ከልክ በላይ የሰፋ ቤት የሚያስከፍለው ዋጋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጫጫን አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚገባ መንገደኛ፣ ከዓመት ዓመት እየበዙ የመጡትን ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቪላዎች ሳያይ አያልፍም። ከፊታቸው ክብ ምሰሶ የቆመላቸው፣ ሰማያዊ ወይም ቡናማ መስታወት የለበሱ፣ አጥራቸው ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን ቤቶች ናቸው። የተሠሩት በንግድ፣ በጭነት መኪና ሥራ ወይም ከውጭ አገር በተላከ ገንዘብ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው የሃያ ዓመት ልፋት ፍሬ ናቸው። የእነዚህን ቤቶች ኑሮ በቅርብ የሚያውቅ ሰው ግን ደጋግሞ የሚያስተውለው ነገር አለ፤ ቤተሰቡ ውሎ የሚያድረው በዋናው ቤት ሳይሆን ከጓሮ በተሠራው ሰርቪስ ቤት ነው። ወጡ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ቡናው የሚፈላው እዚያ ነው፤ ልጆችም የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት እዚያው ነው። የቪላው ሳሎን ሶፋው በአንሶላ ተሸፍኖ ገናንና ፋሲካን ይጠብቃል።

ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው እንደ ቁጠባ፣ አንዳንዴም «መኖር አለማወቅ» ተብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰዎቹ ሰርቪስ ቤቱን የመረጡት ትክክለኛ ስሌት ሠርተው ነው፤ የተሳሳተው ስሌት ቪላው ሲነደፍ የተሠራው ነው። የቤት ስፋት ከሚኖርበት ሰው ቁጥርና ከአገሩ አየር ጋር ካልተመዛዘነ ባለቤቱ የቤቱ ገባር ይሆናል፤ ግብሩም በብር ብቻ ሳይሆን በብርድ፣ በጉልበት፣ በሥጋትና በዘመድ ጠብ ጭምር የሚከፈል ነው።

ከብርዱ እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች ባቄላ የሚያቃጥል ውርጭ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር የቤት የመጀመሪያ ሥራ ሙቀት መያዝ ነው። የመንዝና የተጉለት ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ ቤቱን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በትንንሽ መስኮት፣ በዝቅተኛ በርና ጠቅጠቅ ባለ የሣር ክዳን ይሠራ ነበር። ቀን የምድጃው እሳት ያሞቀው ድንጋይ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያለ ይመልሳል፤ በጋጡ የታሰሩት ከብቶችም የራሳቸውን ይጨምራሉ፤ መደብ ላይ የተኛው ሰው ደግሞ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደርባል። ያንን ኑሮ ለማሞካሸት አይደለም፤ የኩበቱ ጭስ የስንቱን እናት ዓይንና ሳንባ እንደጎዳ የታወቀ ነው። ነገር ግን የቤቱ መጠን፣ የግድግዳው ውፍረትና የመስኮቱ ጥበት ከቅዝቃዜው ጋር የተመካከሩ ነበሩ።

አዲሱ ቪላ የተነደፈው ለሌላ አገር አየር ነው። ግድግዳው ውስጡ ክፍት በሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ይገነባል፤ ፊቱን አንድ ንጣፍ ብቻ ያለው ሰፊ መስታወት ይሸፍነዋል፤ ወለሉ እግር የሚያቀዘቅዝ ሴራሚክ ነው፤ ሳሎኑ ደግሞ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ጣሪያ ድረስ ክፍት ሆኖ ደረጃው በመካከሉ ይወጣል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ እንዲህ ባለው ሳሎን ውስጥ የሚነድ ማሞቂያ የሚያሞቀው ሶፋ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሳይሆን ላይ የተንጠለጠለውን መብራት ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ካሬ ሜትር ባለ አንድ ንጣፍ መስታወት በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 5 ተኩል ዋት ገደማ ሙቀት ያስወጣል። ሳሎኑና መኝታ ክፍሎቹ በድምሩ 40 ካሬ ሜትር መስታወት ቢኖራቸው፣ ውጪው 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ውስጡን በ18 ዲግሪ ማቆየት ቢፈለግ፣ በመስታወቱ ብቻ የሚባክነው 3,300 ዋት ይሆናል። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊት 40 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ለወር ደግሞ 1,200 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። በግድግዳው፣ በኮርኒሱና በበር ስንጥቅ የሚወጣው ገና አልተቆጠረም። የኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን የሚጨምር ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋው ዝቅተኛ ሲሆን፣ በወር ከ500 በላይ የሚጠቀም ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል መወሰኑ ሲታከልበት፣ ቪላውን ማሞቅ የሚሞክር ቤተሰብ የማይገኘው ለምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ሳሎኑ ይዘጋል፤ ሰውም ዝቅ ያለ ጣሪያና አንድ መስኮት ወዳለው ሰርቪስ ቤት ይሄዳል። በቪላው ማደርን የመረጡት ደግሞ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ሲያስገቡ ይታያል፤ ይህ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

ብርድና ማገዶ ከዚህ የበለጠ አቅም የነበራቸውንም አሸንፈዋል። ከአንኮበር ተነሥቶ እንጦጦ ላይ የሠፈረው የምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ሜዳ እንዲወርድና አዲስ አበባ እንድትቆረቆር ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኞቹ የእንጦጦ ቅዝቃዜና የማገዶ እጥረት ነበሩ። ይሁንና የነገሥታቱ አዳራሽ ሰፊ የሆነው የሚሠራው ሥራ ስለነበረው ነው። ግብር ይበላበታል፤ ሹምና ወታደር፣ አገልጋይና እንግዳ ይሞላዋል። የሸዋ ባላባት እልፍኝና አዳራሽም ቢሆን፣ በአቅሙ፣ እንዲሁ በሰው የተሞላ ነበር። ዛሬ ስድስት መኝታ ያለው ቪላ ውስጥ የሚኖሩት ባልና ሚስት፣ አንድ ወይም ሁለት ልጅና የቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ልጆቹም አድገው ዩኒቨርሲቲ ወይም ውጭ አገር ሲሄዱ ሁለቱ ሽማግሎች ከስድስቱ ክፍል ጋር ይቀራሉ።

ነገሩ የብርድ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አየሩ ወደማይከፋበት አገር ማየት ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ተመራማሪዎች በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ 32 መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄደው አጥንተው ነበር። የቤተሰቡ አባላት የት የት እንደሚገኙ በየጊዜው ሲመዘግቡ፣ ሰው በአብዛኛው የሚሰባሰበው በወጥ ቤቱና ቴሌቪዥን ባለበት ክፍል ሆኖ አገኙት፤ የክብር ሳሎኑና በረንዳው ባዶ ነበሩ ለማለት ይቻላል። በዚያው አገር አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት አማካይ ስፋት በ1973 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 154 ካሬ ሜትር ገደማ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 250 ካሬ ሜትር ሲያድግ፣ በአንድ ቤት የሚኖረው ሰው ቁጥር ግን ቀንሷል። ባዶ ክፍል የሚሠራው ሀብታም አገርም ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ለባዶው ክፍል የማሞቂያ ክፍያ ሲከፍሉ እኛ መቆለፋችን ነው።

መቆለፍ ግን ወጪውን አያስቀርም፤ ያልተኖረበት ክፍል ቶሎ ይበላሻል። አምስት መታጠቢያ ቤት ካለው ቪላ አራቱ ሳይነኩ ሲከርሙ፣ ከሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ይደርቅና የጉድጓዱ ሽታ ወደ ቤት ይገባል። ቦይለሩ ዝገት ይይዛል፤ ማጠቢያው በላስቲኩ በኩል ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ አየር ያላገኘው ግድግዳ በክረምት ሻጋታ ያበቅላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ለዚህ ሁሉ ቧንቧ የሚበቃ ታንከር፣ ግፊት የሚሰጥ ፓምፕና ለፓምፑ መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተር ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። ሴራሚኩ፣ አሉሚኒየሙ፣ የገላ መታጠቢያው ዕቃና የመስኮቱ መቆለፊያ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ቤቱን በቀድሞው ዋጋ የሠራ ሰው የሚያድሰው በአዲሱ ዋጋ ነው። አንድ የተሰበረ ሴራሚክ የሚተካ ተመሳሳይ ዓይነት ገበያ ላይ ጠፍቶ የወለሉን ግማሽ ማንሣትም ያጋጥማል።

ከመሬት በታች ያለው ጉዳይ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሜዳዎች፣ የደነባና የእነዋሪ አካባቢን ጨምሮ፣ በአብዛኛው ዋልካ አፈር ናቸው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ድረስ ይኮማተራል። ትንሽ ቤት እንደ አንድ አካል አብሮ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ረዥምና ከባድ ቤት ግን አንዱ ጫፉ ሲነሣ ሌላው ባለበት ስለሚቀር ግድግዳው ማዕዘን ለማዕዘን ይሰነጠቃል። ያንን የሚከላከል መሠረት ጥልቅ ቁፋሮ፣ ብዙ ፌሮና የአፈር ምርመራ ይፈልጋል፤ ከቤቱ ፊት ለሚቆመው ምሰሶ ገንዘብ የማይሰስት ሰው ለአፈር ምርመራ ሲሆን የሚሰስት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በተጨማሪም የዞኑ ምሥራቃዊ ጠርዝ የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከፍ ብሎ የተከፈተ ሳሎን፣ ከሥሩ ግድግዳ የሌለው ሰፊ በረንዳና ለውበት ብቻ የተጨመረ ከባድ ኮንክሪት በእንዲህ ያለ ንዝረት ጊዜ የቤቱ ደካማ ጎኖች ናቸው።

የቤቱን ስፋት በየቀኑ የሚከፍለው ሰው ብዙውን ጊዜ ያሠራው አይደለም። አባወራው ንድፉን መርጦ፣ ከኮንትራክተሩ ጋር ተከራክሮ ቤቱን ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ 300 ካሬ ሜትር ወለል የምትወለውለው፣ የመስታወቱን አቧራ የምትጠርገው፣ ውሃ ወደ ላይ ፎቅ የምታመላልሰው እመቤቷና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ዓረብ አገሮች ስለሚሄዱና ፋብሪካዎችም በከተማው ስለተከፈቱ፣ የቤት ሠራተኛ ማግኘት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ ብትገኝም እንዲህ ያለውን ግቢ አይታ የምትጠይቀው ደመወዝ ከሥራው ጋር የሚመጣጠን ነው፤ መብቷም ነው። አያት ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ደረጃው ሌላ ችግር ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት መኝታቸው ላይኛው ፎቅ ከሆነ ቀስ በቀስ ከቡናውም ከጨዋታውም እየራቁ ይሄዳሉ፤ ታች ይተኙ ሲባል ደግሞ ታች ያለው ሳሎንና የእንግዳ መመገቢያ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ደኅንነትም መናገር ይገባል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዘለቀው ግጭት ውስጥ፣ ለገንዘብ ሲባል ሰውን ማገት የሰሜን ሸዋን ነዋሪዎችና መንገደኞች ካስመረሩት ወንጀሎች አንዱ ሆኗል። አጋች የሚመርጠው ይከፍላል ብሎ የሚገምተውን ሰው ነው፤ ከመንገድ የሚታይ ባለ ምሰሶ ቪላ ደግሞ ባለቤቱ ቢምልም ቢገዘትም የማይሽረው የሀብት ማስረጃ ነው። ቤቱ የተሠራው በብድር ይሁን፣ ባለቤቱ ከቤቱ በቀር አምስት ሳንቲም አይኑረው፣ ከውጭ የሚያይ ሰው ይህን አያውቅም። ስለዚህ ዘበኛ ይቀጠራል፤ አጥሩ ላይ ሽቦ ይዘረጋል፤ ካሜራ ይሰቀላል፤ የብረት በሩም ሳይከፈት በፊት «ማነው?» የሚባልበት ጊዜ ይረዝማል። ጎረቤት በዚህ ሁሉ አልፎ እሳት ሊጭር ወይም ቡና ሊጠጣ አይመጣም። እድሩ መዋጮውን ይቀበላል፤ ሰውየውን ግን እየረሳው ይሄዳል።

ለትልቅ ቤት የሚቀርቡት መከራከሪያዎች ተራ አይደሉም። አንደኛው ድግስና ለቅሶ ነው፤ በእኛ አገር ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካርና ማኅበር ሰፊ ቦታ ይጠይቃሉ። ይሁንና ቪላ ያለውም ሰው ቢሆን ለሠርግ አዳራሽ ይከራያል፤ ለለቅሶ ድንኳን ግቢው ውስጥ ወይም መንገዱ ላይ ይተክላል። ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ ሦስት መቶ ሰው ነጩ ሴራሚክ ላይ እንዲቆም የሚፈቅድ እምብዛም አይገኝም። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚጠቅመው የግቢው ስፋት ነው፤ ሰፊ ቪላ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው ግቢውን ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ «አከራየዋለሁ» የሚለው ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ እንደመሆኗ ቤት ፈላጊ አታጣም። ፈላጊው ግን በብዛት አስተማሪ፣ የፋብሪካ ሠራተኛና ተማሪ ነው፤ የሚፈልገውም አንድ ወይም ሁለት ክፍል፣ የራሱ በርና የራሱ ቆጣሪ ነው። አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ደረጃና አንድ ቆጣሪ ያለው ቪላ ለሦስት ቤተሰብ አይከፈልም፤ ለቢሮ ወይም ለእንግዳ ማረፊያ ለማዋል ደግሞ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከከተማው ዳር ከግጭት የሸሹ ተፈናቃዮች በመጠለያ ተጨናንቀው በሚኖሩበት በዚህ ጊዜ፣ ባዶ ክፍል የያዘና ማከራየት የማይቻል ቤት በብዛት መሠራቱ ለከተማዋም ኪሳራ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ጠንካራው፣ ቤት ሀብት ማቆያ ነው የሚለው ነው። የዋጋ ንረት ብርን በሚበላበት አገር ገንዘብን ብሎኬት ማድረግ ብልህነት ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየው ትውልድ ሁሉን ነገር በአንድ ቤት ላይ ማፍሰስን የተማረውም ከዚያ ይመስለኛል። ችግሩ ሀብቱ ሲፈለግ መውጣት አለመቻሉ ነው። በ200 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ መጠነኛ ቤት ገዢው ብዙ ነው፤ ስድስት መኝታ፣ አምስት መታጠቢያና የባለቤቱን ምርጫ ብቻ የሚያንጸባርቅ ጂፕሰም ያለው ቪላ ግን በደብረ ብርሃን ደረጃ ባለ ከተማ ገዢው በጣት የሚቆጠር ነው። የዓለም ዝነኞችም ከዚህ አላመለጡም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን በቺካጎ አቅራቢያ ያለውን 5,200 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቤቱን በ2012 እ.ኤ.አ. በ29 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ አቅርቦ፣ የተሸጠለት ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በ9 ሚሊዮን ተኩል ነው። ጆርጅ ቫንደርቢልት በ1895 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ያስጠናቀቀው 250 ክፍል ያለው ቢልትሞር ደግሞ በ1930 እ.ኤ.አ. ገቢ ለማግኘት ሲባል ለጎብኚ ተከፍቷል፤ ዛሬም የሚተዳደረው በቱሪስት ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ መሸጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለቤቱ ሲሞት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች የወላጃቸውን ውርስ እኩል እንዲካፈሉ ያደርጋል። መሬት፣ ከብትና ገንዘብ ይካፈላሉ፤ ቪላ ግን አይቆረስም። አንዱ ልጅ የሌሎቹን ድርሻ በገንዘብ ከፍሎ ካላስቀረው በቀር ለሐራጅ ይወጣል። ውጭ ያለው ልጅ «የአባቴ ቤት አይሸጥም» ይላል፤ አገር ውስጥ ያለው ድርሻውን ይፈልጋል፤ ቤቱን ሲጠብቅ የኖረው ሦስተኛው ደግሞ የድካሙን ይጠይቃል። ክርክሩ ዓመታት ሲፈጅ ቆርቆሮው ያፈሳል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የይዞታና የሕንፃ ዋጋን መሠረት አድርጎ ታክስ እንዲጣል የሚፈቅድ በመሆኑ፣ ክልሎችና ከተሞች ሥራ ላይ ሲያውሉት የተቆለፈው ክፍልም እንደሚኖርበት ክፍል ይከፈልበታል።

ቤቱ ተሠርቶ ላለቀበት ሰው አሁንም የሚቻል ነገር አለ። ላይኛውን ፎቅ በውጭ ደረጃና በተለየ ቆጣሪ ለይቶ ራሱን የቻለ መኖሪያ ማድረግ፣ ክፍት የሆነውን ሳሎን በደረጃው ራስ ላይ በበር መዝጋት፣ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር ማንጠፍና የመስኮት ስንጥቅን መድፈን ከአዲስ ግንባታ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ናቸው። ገና ሊያሠራ ያሰበው ደግሞ ንድፍ ለሚያወጣለት ባለሙያ ሁለት ነገር ቢነግረው ብዙ ይተርፈዋል፦ በተራ የሥራ ቀን በኅዳር ሌሊት እዚያ ቤት የሚያድረው ሰው ስንት እንደሆነ፣ እና በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሰፊው መስኮት ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰሜን የሚዞረው ግድግዳ ደግሞ ወፍራምና መስኮቱ ጠባብ እንዲሆን እንደሚፈልግ።